መልስ፦ ናሙናው ስንት ይሁን ሳይሆን መቼ ይወሰድ
ውድ ጠያቂ፣ ኢ ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ በግሉኮስ (በስኳር) አሳድገው ለ12 ሰዓት በየሰዓቱ ሲለኩ ከፍተኛው የእድገት ፍጥነት ተመሳሳይ ሆኖ ሲወጣ፣ ኬኤስ የሚባለው የግማሽ ሙሌት መጠን (እድገቱ የከፍተኛው ፍጥነት ግማሽ የሚሆንበት የግሉኮስ መጠን) ግን በየሙከራው እንደሚዋዥቅ ገልጸው፣ ናሙና ማብዛት ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት አይጠቅምም።

የእድገት ፍጥነትን ከምግብ መጠን ጋር በሚያያይዘው በሞኖድ ቀመር መሠረት ግሉኮሱ ከኬኤስ እጅግ እስከበለጠ ድረስ ባክቴሪያው በሙሉ ፍጥነቱ ስለሚያድግ፣ በእነዚያ ሰዓታት የተወሰደ ናሙና መቶም ቢሆን ስለ ኬኤስ የሚናገረው ነገር የለም። የኢ ኮላይ ኬኤስ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከጥቂት ሚሊግራም አይበልጥም። በሊትር 1 ግራም ደረቅ ባክቴሪያ የደረሰ ካልቸር (ባክቴሪያው የሚያድግበት ፈሳሽ) ደግሞ በሰዓት 1.6 ግራም ያህል ግሉኮስ ቢፈጅ፣ በደቂቃ ወደ 27 ሚሊግራም ማለት ነውና፣ ግሉኮሱ ወደ ኬኤስ የሚወርድበት ያ ጠቃሚ ቅጽበት ፒፔት እስኪያነሡ ያልፋል።

ስለዚህ ምግቡ በዝግታ ያለማቋረጥ የሚገባበትን ካልቸር፣ ከተቻለም ኬሞስታት (አዲስ ምግብ በሚገባበት ልክ አሮጌው ፈሳሽ የሚወጣበት ዕቃ) ይጠቀሙ፤ በኬሞስታት የፈሳሹ መተኪያ ፍጥነት የከፍተኛው እድገት ግማሽ ሲሆን ቀሪው ግሉኮስ ከኬኤስ ጋር እኩል ይሆናል። ናሙናውን ወዲያው ያጣሩት፣ አለዚያ ባክቴሪያው ሲሪንጁ ውስጥም መብላቱን አያቆምም።

እኛ ፒያሳ አካባቢ መብራት በጠፋ ቁጥር የኢንኩቤተሩን ሙቀት ከሰዓቱ ጋር እንመዘግባለን፤ የእድገት ፍጥነቱ ከሙቀቱ ጋር ስለሚወርድ፣ ያልተመዘገበ መቋረጥ የፓራሜትር (እንደ ኬኤስ ያሉ የቀመሩ ቋሚ ቁጥሮች) ለውጥ መስሎ ያሳስታል።