«በሬውን አይተንልሃል» አሉኝ፤ ባዶ እጄን ለመስቀል ልሂድ?

«የ36 ዓመት ሰው ነኝ። ትውልዴ ጉራጌ፣ እንድብር አካባቢ ነው። በልጅነቴ መርካቶ መጥቼ ከሊስትሮ ተነስቼ የራሴን ሱቅ ከፍቼ ነበር። ለመስቀል በሬውን የምገዛው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ካቻምና ሱቁ ከስሮ ተዘጋ፤ አሁን ሰው ሱቅ ተቀጥሬ ነው የምሠራው። አባቴ ይህን አያውቅም። አምና መስቀል ሲደርስ ‹ዕቃ ላመጣ ዱባይ ሄጃለሁ› ብዬ ስልኬን ዘግቼ ቤቴ ተቀመጥኩ። የ7 ዓመት ልጄም ለአያቷ በስልክ ‹አባዬ ዱባይ ነው› እንድትል አደረግን። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ አባቴ ደውሎ ‹በሬውን አይተንልሃል› አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንድ ጓደኛዬ 80 ሺህ ብር ላበድርህ ብሏል። ባለቤቴ ደግሞ ‹ወይ ንገራቸው ወይ እንቅር› ትላለች። ልበደር ወይስ ልቅር?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ግን ልበደር ወይስ ልቅር ላልከው መልስ የለኝም፤ ለእኔ ሁለቱ አንድ ናቸው። ብትበደርም ትደበቃለህ፣ ብትቀርም ትደበቃለህ። አንደኛው 80 ሺህ ብር ያስከፍልሃል፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።

እኔ የጉራጌ ልጅ አይደለሁም። ያደግሁት ግን መርካቶ አፍንጫ ሥር ነው። መስከረም አጋማሽ ላይ ሱቁ ሁሉ ጥርቅም ብሎ ሲዘጋ፣ እናቴ «አንድ ጥቅልል ክር የሚሸጥልኝ ሰው ልጣ!» እያለች ስታማርር ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ለመስቀል አዲስ አበባ መቅረት ለእናንተ ምን ማለት እንደሆነ ትንሽ ይገባኛል። ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረባው፣ ዘመዱ ሁሉ ተነቃንቆ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ ሲጎርፍ አንተ መጋረጃ ዘግተህ ቁጭ። እስቲ ልጠይቅህ፣ አምና በዚያ ሰሞን በር በተንኳኳ ቁጥር ስንቴ ደነገጥክ?

ሽሽት እንዲህ ነው። በሸሸህባት ቀን እፎይ ያሰኝሃል። አምና «ዱባይ ነኝ» ብለህ ስልኩን የዘጋህ ጊዜ ደረትህ ላይ የነበረው ነገር ቀለል ብሎህ ነበር አይደል? አእምሮህ ያቺን እፎይታ ይዞ «መደበቅ ይሠራል» ብሎ ተማረ። የሸሸኸው ነገር ግን ባለበት አልቆመም፤ አድጎ ጠበቀህ። አምና መናገር የነበረብህ ሱቁ መዘጋቱን ብቻ ነበር። ዘንድሮ ሱቁም፣ ዱባይም፣ ልጅህም ተጨመሩበት። ተበድረህ በሬ ከገዛህ ደግሞ ለከርሞ ዕዳውም ይደረብበታል።

ሌላም ነገር አለ። መክሰርህን የጻፍከው ጥፋት እንደሠራ ሰው ሆነህ ነው። ጸጸትና ሃፍረት ይለያያሉ። ጸጸት «የሠራሁት ልክ አይደለም» ይላል፤ ሃፍረት «እኔ ራሴ ልክ አይደለሁም» ይላል። ዱባይ ነኝ ማለትህ ይጸጽትህ፣ ተገቢ ነው። ሱቅ መክሰሩ ግን ምኑ ያሳፍራል? መርካቶ ውስጥ ስንቱ ወድቆ ተነስቷል፤ ይህን ከእኔ በላይ አንተ ታውቃለህ።

አሁን ወደ ድግሱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ የተሳሳትክ ይመስለኛል። በደብዳቤህ ውስጥ መስቀል ማለት በሬ ነው፣ በሬ ማለት ደግሞ አንተ ነህ። እስቲ ጣባው ላይ የሚቀርበውን አንድ በአንድ ቁጠረው። ቅቤው እናትህ ዓመቱን ሙሉ ጠብ ጠብ እያደረገች ያጠራቀመችው ነው፤ ኮሰረትና ኮረሪማ ገብቶበት የነጠረው በእሷ እጅ ነው። ቆጮው የተፋቀበት እንሰት ምናልባት ልጅህ ሳትወለድ የተተከለ ነው፤ ተፍቆም ጉድጓድ ውስጥ ወራት ተቀምጧል። አይቡን ሌላ ሰው ነው የሠራው። ከእርዱ በፊት፣ በደንጌሳት ዕለት የምትበሉት ጎመን ክትፎ ውስጥ ደግሞ የአንተ በሬ ጭራሽ የለበትም! አንተ ብዙ ድርሻ አለህ፣ አልካድኩም። ያ ቤት ግን አንተ ስለቀረህ ባዶ ጣባ ይዞ አያድርም። አምናም ያለ አንተ በልተዋል። ያልተሟላው የአንተ መቀመጫ ብቻ ነበር።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ አይለውም። «ያለ እኔ አይሆንም» ማለት ይከብዳል፣ ግን ደግሞ ይጣፍጣል። ይህን ጣዕም ትንሽ መልቀቅ ይኖርብሃል።

ስለ አባትህ እንነጋገር። አንተ የምትፈራው በገንዘቡ እንዳይናደድ ነው። እኔ የምፈራልህ በዱባይ ነው። አባትህ አምና ለጎረቤቱ ምን ያለ ይመስልሃል? «ልጄ ዱባይ ሄዶ ነው የቀረው» ብሎ፣ ምናልባትም የመንደሩ ሰፊ መንገድ፣ ጀፎረው ላይ ቆሞ፣ ደረቱን ነፍቶ ተናግሮ ይሆናል። እውነቱን ስትነግረው የእሱም ቃል አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ይቅርታ የምትጠይቀው ስለከሰርክ ሳይሆን እሱን ሰው ፊት ስላስዋሸኸው ነው። ይህን ከለየህ ንግግሩ ግማሽ ያልቃል።

መቼ ትንገረው? በእርዱ ቀን አይሆንም። ሰው ተሰብስቦ፣ አረቄ ተቀድቶ፣ ሽማግሌ እየመረቀ እያለ ጭራሽ አይሆንም። እንደኔ እንደኔ ዛሬ ወይ ነገ በስልክ ጀምረው። በሬውን «አይተንልሃል» ብሎሃል፣ ቀብድ ሳይሰጥበት መስማት አለበት። ረጅም መግቢያ አታብጅ። «አባባ፣ ሱቁ ከስሮ ተዘግቷል፤ አሁን ተቀጥሬ ነው የምሠራው። አምናም ዱባይ አልነበርኩም፣ አፍሬ ነው የቀረሁት። አንተን ሰው ፊት ስላስዋሸሁህ ይቅርታ። ዘንድሮ በሬ መግዛት አልችልም፣ መምጣት ግን እፈልጋለሁ።» በቃ። ከዚያ ዝም በል። እሱም ዝም ይል ይሆናል። ዝምታውን በወሬ ለመሙላት አትቸኩል፤ ስልኩን ጆሮህ ላይ ቢዘጋውም አልቆ አይደለም። ትልቅ ሰው መጥፎ ወሬ የሚውጥበት ጊዜ ይፈልጋል። በማግስቱ እናትህ ትደውላለች ብዬ እገምታለሁ።

በሽማግሌ ወይ በአጎት ማስነገርም አለ። እንደ ባለሙያ ብዙ ጊዜ መልእክተኛ አልወድም። አባትህ ከልጅ አፍ ክፉ ወሬ መስማት የማይወድ ዓይነት ሰው ከሆነ ግን መንገዱን አጎትህ ይጥረግልህ፣ ይቅርታውን አንተው በአፍህ ጠይቅ።

ስለ ገንዘቡ ብዙ የምለው የለኝም። ከታናናሾችህና ከጎረቤት ጋር ቅርጫ መግባት አለ፤ አቅምህ የሚፈቅደውን መደብ ያዝ። እሱም ካልተቻለ ስኳርና ቡና ይዘህ ሂድ። በብድር በሬ አርደህ ክትፎውን ስትጎርስ ወለዱን እያሰብክ ከሆነ አይወርድልህም። መቼም አንድ ሁለት ሰው ያማሃል። ከጥቅምት በኋላ ደግሞ የሚያሙት ሌላ ያገኛሉ።

ባለቤትህን «ወይ ንገራቸው ወይ እንቅር» በማለቷ አትቀየማት። ሁለት ዓመት ሙሉ ምስጢርህን ተሸክማልሃለች፤ አማቶቿ ሲደውሉ ምን እንደምትመልስ እየተጨነቀች። አባትህን ከማናገርህ በፊት ከእሷ ጋር ቁጭ በሉ።

እንቅልፍህ አባትህን ካናገርክ በኋላ በሁለት ሦስት ሳምንት ካልተመለሰ፣ ወይም መኖር ራሱ ካስጠላህ፣ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂድ። መኖር የሚያስጠላው ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ሳምንት አትቁጠር፣ በዚያው ቀን ሂድ።

ልጅህን ሳልረሳ። እሷንም ቁጭ አድርገህ «አምና ዱባይ አልነበርኩም፣ እዚሁ ነበርኩ፤ አያትሽን እንድትዋሺ ማድረጌ ጥፋት ነው» በላት። የ7 ዓመት ልጅ ናት፣ አንተ እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጠህ «ዱባይ ነው» ማለቷን አልረሳችውም። ካልነገርካት ደግሞ አያቷ ቤት በደረሳችሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «አባትሽ ከዱባይ ምን አመጣልሽ?» ብሎ የሚጠይቃት አይጠፋም።