ቤት ለቤት ለምትዞሩ ወጣት የጤና ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

በልደታ፣ በአራዳና በአዲስ ከተማ ሰፈሮች እየዞራችሁ በቲቢና በኤች አይ ቪ ላይ ለመሥራት ስትነሡ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አደራ የምላችሁ የሰውን ምስጢር ነው።

በተክለ ሃይማኖትና በአብነት አካባቢ ያሉትን አሮጌ የቀበሌ ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ ይኖራል፤ ማብሰያውም መጸዳጃውም የጋራ ነው፤ ሌሊት የሚስል ሰው በግድግዳ ማዶ ይሰማል። ቲቢ በአየር ስለሚተላለፍ፣ መስኮት በሌላት አንዲት ክፍል ተጨናንቆ የሚያድር ቤተሰብ ያንኑ አየር ሲተነፍስ ያነጋል። ይኸው ጥበት ምስጢርንም መደበቂያ ያሳጣዋል። ጋውን ለብሳችሁ ወደ አንዲት ሴት ቤት ብቻ ብታመሩ፣ ወሬው ከቡና ሰዓት በፊት ግቢውን ያዳርሰዋል፤ እርሷም ዳግመኛ በሯን ላትከፍትላችሁ ትችላለች። ስለዚህ ቤቶቹን ሁሉ አዳርሱ፤ ስለ ሕፃናት ክትባትና ስለ ደም ግፊት እየጠየቃችሁ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ያለበት ሰው እንዳለ አጣሩ። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሙ ያለበት ሰው ግን ሳሉ ሁለት ሳምንት እስኪሞላው አይጠበቅም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ በአልጋ ላይ የነበሩ ብዙዎች ተነሥተው ወደ ሥራቸው ሲመለሱ አይተናል። ሐሜቱ ግን እስከ ዛሬ መድኃኒት አልተገኘለትም፤ ክኒኑን ከበርበሬ ዕቃ ውስጥ ደብቀው የሚውጡ እናቶች ዛሬም አሉ።

የተለመደው የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሪዎቹ አራት ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። ሕመምተኛው የሚጠፋባችሁ ሲብስበት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሳሉ ሲቆምና የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስም ይጠፋል። መርካቶ ዕቃ ሲሸከም የሚውል አንድ አባት ሽንቱ ቀልቶ ቢያይ ደም መስሎት መድኃኒቱን አቋርጦ ነበር፤ ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንትን እንደሚያቀላ አስቀድሞ የነገረው አልነበረም። ይህን በመጀመሪያው ቀን ንገሩ። ከቀጠሮው የቀረውንም ሰው አትቆጡት፤ የቀን ሠራተኛ ጤና ጣቢያ ሲሰለፍ የዕለት እንጀራው ይቀርበታልና፣ የሚመቸውን ሰዓት ጠይቃችሁ ከክሊኒኩ ጋር ተነጋገሩለት።

አባት ቲቢ ከተገኘበት በቤቱ ያሉት ሁሉ ይመርመሩ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ሕፃናት በሽታው እንደሌለባቸው ሲረጋገጥ የመከላከያውን መድኃኒት ይጀምሩ። እናትየዋ ብዙ የምትጠይቀው ይኖራታል፤ ጤና ጣቢያ ስትመጣ፣ በሩ በሚዘጋ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ አንድ በአንድ መልሱላት።