ባለ ሁለት ቱነር ሪሲቨር በአንድ ኬብል ይሠራል ወይ?

ሰላም እህቴ። ሌላውም እንዲከታተል ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ወንድምሽ ከሪያድ ባለ ሁለት ቱነር ሪሲቨር ልኮልሻል (ቱነር ሪሲቨሩ ውስጥ ቻናል የሚይዘው ክፍል ነው)። ሐይቅ ነው ያላችሁት። ጣራው ላይ ለኢትዮሳት የተሠራ ዲሽ አለ፣ አንድ ኬብል ወደ ቤት ይገባል። አባትሽ ዜና ላይ ሲሆኑ ልጆቹ ድራማ ያመልጣቸዋል። ናይልሳትም እንዲጨመርልሽ ትፈልጊያለሽ። ያየልሽ ሰው ደግሞ ሁሉም ነገር አዲስ ይገዛ ብሎሻል።

አብሽሪ፣ ሁሉም አዲስ አይገዛም። እኔ ደሴ ነው የምኖረው። ዲሽ እንጀራዬ ባይሆንም የጎረቤት ጣራ ላይ ስወጣ ስወርድ ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን እናጥራ። ባለ ሁለት ቱነር ማለት ሁለት ቴሌቪዥን ላይ ሁለት የተለያየ ቻናል ያሳያል ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ለቴሌቪዥኑ የሚሰጡት አንድ ምስል ነው። ጥቅሙ አንዱን እያያችሁ ሌላውን ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ መቅዳቱ ነው። አባትሽ ዜናቸውን ያያሉ፣ ድራማው ይቀዳል፣ ልጆቹ በኋላ ያዩታል። ሳሎንና መኝታ ቤት ለየብቻ ይታይ ካላችሁ ግን ሁለተኛ ተራ ሪሲቨር መግዛት ይሻላል። ርካሽም ነው፣ ጭቅጭቅም የለውም።

አሁን ወደ ኬብሉ። ሪሲቨሩ በዚያው ኬብል ወደ ላይ ኤሌክትሪክ ይልካል። 13 ቮልት ሲልክ ኤልኤንቢው፣ ማለትም ዲሹ ፊት ለፊት የሚታሰረው መቀበያ፣ የቨርቲካል ቻናሎችን ያወርዳል፣ 18 ቮልት ሲልክ የሆሪዞንታሉን። ፍሪኩዌንሲው ከ11700 በላይ ሲሆን ደግሞ 22 ኪሎኸርትዝ የሚባል ምልክት ይጨምርበታል። ሁለቱ ቮልቶች ከምልክቱ ጋርና ያለ ምልክቱ አራት ቡድን ይሆናሉ፤ አንድ ኬብል በአንድ ጊዜ የሚያወርደው ከእነዚህ አራት ቡድኖች አንዱን ብቻ ነው። ሁለቱ ቱነሮች የተለያየ ቡድን ሲጠይቁ ኬብሉ ለሁለቱም አይታዘዝም። በአንድ ኬብል ሲቀዳ ሌላ ቻናል አልከፍት የሚለው ለዚህ ነው፤ ሪሲቨሩ ተበላሽቶ አይደለም።

ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ይህን አድርጊ። አሁን ባለሽ ሪሲቨር የምታዩአቸውን የኢትዮሳት ቻናሎች እየከፈትሽ መረጃቸውን እዪ። ከፍሪኩዌንሲው አጠገብ ኤች (ሆሪዞንታል) ወይም ቪ (ቨርቲካል) የሚል ፊደል አለ። የምትፈልጊያቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ፊደል ካላቸውና ሁሉም ከ11700 በታች ከሆኑ ለጊዜው አንዱ ኬብል ይበቃሻል። ብዙዎቹ ባለ ሁለት ቱነሮች ከኋላ ከአንደኛው ቱነር ምልክቱን መልሶ የሚያወጣ ሉፕ የሚባል ቀዳዳ አላቸው። ከሱ ወደ ሁለተኛው ቱነር አጭር ኬብል ታገናኚና ጨረስሽ። ሜኑው ላይም ሉፕ የሚለውን መምረጥ አትርሺ።

ፊደሎቹ ከተደባለቁ፣ ወይም ናይልሳት የግድ ካላችሁ፣ ያኔ ኤልኤንቢው በባለ ሁለት አፍ ይቀየርና ሁለት ኬብል ይወርዳል። ሱቅ ስትሄጂ ተጠንቀቂ። ባለ ሁለት አፍ አጥተሽ ባለ አራት አፍ ከገዛሽ፣ የሚሸጡት ሁለት ዓይነት ናቸው። ኳድ የሚባለው አራቱም አፍ ሁሉንም ቻናል ይሰጣል፤ እሱ ይሆንሻል። ኳትሮ የሚባለው ግን እያንዳንዱ አፍ አንዱን ቡድን ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ለትልልቅ ሕንፃ ማከፋፈያ የተሠራ ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል ሻጩ ራሱ ያምታታቸዋል። ካርቶኑ ላይ ያለውን አንብቢ።

ናይልሳትን በተመለከተ አንድ እውነት አለ። አሁን ባለው ዲሽ ላይ ሁለተኛ ኤልኤንቢ ጎን ለጎን አስሮ ሁለቱንም ማስገባት አይቻልም። ኢትዮሳት የምንለው ኤንኤስኤስ 12 የተባለው ሳተላይት ላይ ነው፣ ቦታው 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ነው። አንዱ ከወዲህ ሌላው ከወዲያ። ስለዚህ ሁለተኛ ዲሽ ያስፈልጋል፣ ያየልሽ ሰው እዚህ ላይ ልክ ነው።

ግን ሁለቱንም ዲሽ ባለ ሁለት አፍ አድርጎ፣ ሁለት ዳይሴክ ስዊች (ከሁለት ዲሽ አንዱን የሚመርጥ ማቀያየሪያ) ገዝቶ፣ ስድስት ኬብል መዘርጋት ለእናንተ ቤት ብክነት ነው። እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። የኢትዮሳቱን ብቻ ባለ ሁለት አፍ አድርጊ። አንዱ አፍ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ቱነር ይሂድ። ሌላው አፍና የናይልሳቱ ተራ ኤልኤንቢ አንድ ዳይሴክ ውስጥ ገብተው ወደ አንደኛው ቱነር ይውረዱ። በዚህ መንገድ ከኢትዮሳት የፈለጋችሁትን እየቀዳችሁ አልጀዚራን ማየት ትችላላችሁ፤ ወይም ሁለቱንም ከኢትዮሳት። የሚቀርባችሁ ከናይልሳት ሁለት ቻናል በአንድ ጊዜ መያዝ ብቻ ነው። እሱን የሚፈልግ ቤት እስካሁን አልገጠመኝም።

አቅጣጫውን ራስሽም ልትገምቺው ትችያለሽ። ከኛ አገር ኢትዮሳት ያለው ኮምፓስ ላይ 122 ዲግሪ አካባቢ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣበትን ጫፍ ታውቂዋለሽ? ፊትሽን ወደዚያ አዙሪና ጥቂት ወደ ቀኝ በዪ። ከፍታው 66 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ወደ ላይ አንጋጦ የሚያይ ማለት ነው። ለዚህ ነው የጎረቤት ፎቅና ባሕር ዛፍ ኢትዮሳትን ብዙ የማያስቸግረው። ናይልሳት ግን ሌላ ነው። አቅጣጫው 260 ዲግሪ፣ ማለትም በመስከረም ፀሐይ ከምትጠልቅበት ጥቂት ወደ ግራ። ከፍታው 35 ዲግሪ ብቻ። ደሴ ላይ ከጦሳ ሥር ያሉ ቤቶች ተራራው ራሱ ባይከልላቸው እንኳ ዳገቱ ላይ የበቀለው ባሕር ዛፍ ይከልላቸዋል። እናንተም ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት በምዕራብ በኩል ምን እንዳለ እዩ። ዛሬ አጭር የሆነ ባሕር ዛፍ በሁለት ክረምት ይደርስባችኋል። ለኮምቦልቻና ለወልዲያም ቁጥሮቹ ከአንድ ሁለት ዲግሪ በላይ አይለወጡም። የስልክ ኮምፓስ ስትጠቀሚ ከቆርቆሮውና ከብረቱ ራቅ በዪ፣ ያሳስተዋል።

የዲሹ ፊት ያን ያህል ያላንጋጠጠ መስሎ ቢታይሽ አትደንግጪ። ኤልኤንቢው ከታች በኩል በክንድ የሚቆምለት ዲሽ ከሚታየው ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ አድርጎ ነው የሚያየው። ከዲሹ በፊት ግን ምሰሶው በውሃ ልክ ወይም በቱንቢ ቀጥ ማለቱ ይረጋገጥ። ምሰሶው ካዘመመ ግራና ቀኝ ባዞርሽው ቁጥር ከፍታው አብሮ ይበላሻል፣ ቀኑን ሙሉ ስትፈልጊ ትውያለሽ።

ሰዎች የሚረሱት የኤልኤንቢውን መዞር ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ኤልኤንቢው ለሁለቱም ሳተላይቶች ከ50 ዲግሪ በላይ ተጣሞ ነው የሚቆመው። ከሪያድ በመጣው መመሪያ ላይ ያለው ሥዕል እዚህ አይሠራም። አንድ ሰው ጣራ ላይ ሆኖ ቀስ እያለ ያዙር፣ ሌላው ቴሌቪዥኑ ጋ ሆኖ ይጩህ። ማየት ያለበት ሜኑው ላይ ኳሊቲ የሚለውን ነው። ስትሬንግዝ የሚለው ኤልኤንቢው መብራት ስላገኘ ብቻ ከፍ ሊል ይችላል፣ አያታልልሽ። ኳሊቲው በጠራ ቀን እስከሚችለው ጥግ ይውጣ። "ታየ፣ በቃ ውረድ" ብላችሁ ከተዋችሁት ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ምስሉ ይቆራረጣል።

ኬብል ስታገናኙ ሪሲቨሩ ከሶኬት ይነቀል። ከጃኩ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነች አንዲት የሽቦ ክር መሐለኛውን ሽቦ ከነካች ሾርት ነው። ሁለቱን ኬብሎች ላይም ታችም በተለያየ ቀለም ፕላስተር ምልክት አድርጉባቸው፣ አለበለዚያ የቱ የማን እንደሆነ ይጠፋችኋል። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ይበል፣ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል። መብረቅ ሲበዛ ደግሞ መብራቱን ብቻ ሳይሆን የዲሹን ኬብልም ንቀሉ።

ሁለት ኬብል ካወረድሽ ሜኑው ላይ ሁለተኛውን ቱነር ከአንደኛው የተለየ በሚለው አድርጊው፣ ለሱ ዳይሴክ አይመረጥለትም። የመቅጃ ሰዓት ስትሞዪ የሳዑዲና የኛ ሰዓት አንድ ስለሆነ የመጣበትን አትንኪ። ግን ቆጠራው የፈረንጅ ነው፣ የምሽት 2 ሰዓት ድራማ 20፡00 ተብሎ ይሞላል። ጀማሪ ሁሉ 2፡00 ይሞላና ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ያለውን ቀድቶ ያገኛል። መብራት ከጠፋም ቀረጻው ይቋረጣል፣ ለዚያ መፍትሔ የለኝም።

የሪሲቨሩን ጀርባ ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊው። ሉፕ ይኑረው አይኑረው፣ የትኛው ኬብል የት እንደሚገባ አይቼ እነግርሻለሁ። ሜኑው በዐረብኛ ብቻ ከመጣም የመጀመሪያውን ገጽ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ ቋንቋ የሚቀየርበትን አሳይሻለሁ።