«ንጹህ ከሆነ ጠበቃ ምን ያደርግለታል?» ላልሽው

እህቴ፣ ወንድምሽ ፖሊስ ለምርመራ እንደጠራው ጽፈሻል። «ምንም አላደረገም፤ ሄዶ እውነቱን ቢናገር አይሻልም?» ብለሻል። በወንጀል ጉዳይ ጥብቅና ስቆም ከቤተሰብ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ ነው። መልሴ አጭር ነው፤ ያለ ጠበቃ ቃል አይስጥ። ንጹህ ከሆነማ ይበልጡን!

ለምን መሰለሽ? ጥፋተኛ ይጠነቀቃል። ንጹህ ሰው ግን «እውነቱ ያወጣኛል» ብሎ ያወራል፣ ያላስታወሰውን ሰዓት በግምት ይሞላል፣ መርማሪው ዝም ሲል እሱ ይቀጥላል፣ ከዚያ የስልክ መዝገብ ወይም የካሜራ ምስል ግምቱን ሲያፈርሰው ተራው ስህተት ውሸት ተብሎ ይያዝበታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሳውል ካሲን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሙከራ፣ ከንጹሃኑ 81 በመቶው ዝም የማለት መብታቸውን ትተው ለመናገር ተስማምተዋል። ከጥፋተኞቹ 36 በመቶው ብቻ።

«ያላደረገውን አደረግኩ የሚል ማን አለ?» ይሉኛል። አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ በተፈጸመ የአስገድዶ መድፈር ጉዳይ የተያዙት ታዳጊዎች ከረጅም ምርመራ በኋላ ራሳቸውን የሚያስወነጅል ቃል ሰጡ፣ ተፈረደባቸው። ፍርዱ የተሰረዘው እ.ኤ.አ. በ2002፣ እውነተኛው ፈጻሚ አምኖ ዲኤንኤውም የሱ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ድካምና «ይሄን ፈርምና ትሄዳለህ» የሚል ተስፋ ትልቅ ሰውም ይሰብራል።

በራስ ላይ ለመመስከር አለመገደድ በዓለም አቀፉ የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 14 የተጻፈ መብት ነው። አጠቃቀሙ ግን እንደ አገሩ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ዝም ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ2010 (እ.ኤ.አ.) ውሳኔ ወዲህ «ዝም የማለት መብቴን እጠቀማለሁ» ብሎ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ዝምታው ራሱ በፍርድ ቤት ሊተረጎምበት ይችላል። ስለዚህ የአገሩን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ሳያማክር ከኢንተርኔት ባገኘው ምክር፣ በእኔም ጭምር፣ አይወስን።

ጥሪውን ግን ችላ እንዳይል፣ መቅረት ሌላ ጣጣ ያመጣል። በምስክርነት ነው በተጠርጣሪነት የተጠራው? መጀመሪያ ጠበቃው ይጠይቅለት። የሰጠውን ቃል መስመር በመስመር ሳያነብ አይፈርም፤ የተሳሳተ ካለ እዚያው ይታረም። ከስልኩ መልእክት እንዳያጠፋ፣ ከጓደኞቹም ጋር ስለጉዳዩ እንዳይመካከር አደራ፤ ንጹህ የነበረ ሰው ማስረጃ አጠፋህ ተብሎ በሱ ሊከሰስ ይችላል። የቀጠሮው ቀን ከደረሰ ደግሞ ጠበቃው ዛሬውኑ ደውሎ ጊዜ እንዲጠይቅ አድርጊ።