ኮምፓይል እምቢ ሲል፣ ቴስት ሲወድቅ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ሶፍትዌር ወደ ኤአርኤም (እንደ ራስበሪ ፓይ ያለ ፕሮሰሰር)፣ ወደ አልፓይን (አነስተኛ ሊኑክስ) ወይም ወደ አዲስ ጂሲሲ (ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይር ኮምፓይለር) ስታሸጋግሩ የገጠማችሁን ጠይቁ። አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የመጀመሪያውን ኤረር ላኩልኝ። ከሱ በታች ያሉት አብዛኞቹ እሱ የወለዳቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሜክ (ኮዱን የሚያስኮምፓይለውን ትእዛዝ) ስለው ኤረር ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው ኤረር? የመጀመሪያውን ከነመስመር ቁጥሩ።

ጥያቄ፦ በጂሲሲ 13 ዋርኒንግ እያሳየ ያልፍ የነበረ የድሮ ኮድ፣ 14 ላይ «ኢምፕሊሲት ዲክላሬሽን» ብሎ ቆመብኝ።

መልስ፦ ጂሲሲ 14 በ2024 ሲወጣ ያንን ዋርኒንግ ኤረር አደረገው። ደግ አደረገ። ሄደሩን (ፈንክሽኑን የሚያስተዋውቀውን ፋይል) ሳትጨምሪ ፈንክሽን ከጠራሽ፣ ኮምፓይለሩ «ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ይመልሳል» ብሎ ይገምታል። የሚመልሰው ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ከሆነስ? ፖይንተሩ 64 ቢት፣ ኢንቱ 32፤ ግማሹ ተቆርጦ ይቀራል። ፕሮግራሙ የሚወድቀው ግን ሌላ ቦታ ነው። የጎደለውን ሄደር ጨምሪ። የድሮ ኮንፊገር ስክሪፕት (ከኮምፓይል በፊት ሲስተሙን የሚፈትሽ) ካለውም ሎጉን ክፈቺ። የስክሪፕቱ የራሱ መሞከሪያ ኮድ በዚሁ ኤረር ወድቆ፣ ሲስተምሽ ላይ ያለውን ነገር «የለም» ብሎ ሊሆን ይችላል።

አንድ አባል፦ «ፐርሚሲቭ» የሚለውን ፍላግ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ አማራጭ) ብትጨምር እኮ ያልፍላታል።

ሌላ አባል፦ ያልፍና ሰርቨር ላይ ይወድቃል።

አንድ አባል፦ ፓኬጁ ለነገ ጠዋት ቢፈለግስ?

ሦስተኛ አባል፦ ለዚህ ነው ሁሉም በራስት ቋንቋ ይጻፍ የምለው።

መልስ፦ የራስቱን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩት። ፍላጉ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ላይ የሚያልፍ ቴስት ራስበሪ ፓይ ላይ አያልቅም። ፋይል አንብቦ ይንጠለጠላል።

መልስ፦ ይሄ የኔ ጉዳይ ነው! «ጌትቻር» (አንድ ባይት የሚያነብ ፈንክሽን) የሚመልሰውን ቻር (የአንድ ባይት ቬሪያብል) ውስጥ እያስቀመጥክ ከኢኦኤፍ (የፋይል ማብቂያ ምልክት) ጋር ታወዳድራለህ? ሊኑክስ ላይ ቻር በኢንቴል ኔጌቲቭ ይይዛል፣ በኤአርኤም አይይዝም። ኢኦኤፍ ደግሞ ኔጌቲቭ 1 ነው። ፓይህ ላይ 255 ይሆንና ሉፑ ማብቂያ ያጣል። ቬሪያብሉን ኢንት አድርገው። «ሳይንድ ቻር» የሚለው ፍላግ (ቻር ኔጌቲቭ እንዲይዝ የሚያደርገው) መንስኤውን ለማረጋገጥ ብቻ ይጠቅማል።

ኢንቴል ላይ ስላለፈ ኮዱ ትክክል ነው ማለትም አይደለም። «ሀ»ን ውሰዱ። በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ደንብ) ሦስት ባይት ናት፦ 225፣ 136፣ 128። ኢንቴል ላይ በቻር ስታነቧት ኔጌቲቭ 31፣ ኔጌቲቭ 120 እና ኔጌቲቭ 128 ትሆናለች። ያንን የአሬይ ኢንዴክስ (የዝርዝር ተራ ቁጥር) ያደረገ ፕሮግራም ከአሬዩ ውጭ ያነባል። የፊደላችን ባይቶች በሙሉ ከ127 በላይ ስለሆኑ፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ የተሞከረ ኮድ ይህን ስህተት አያሳይም። ቴስታችሁ ውስጥ የአማርኛ ፋይል ጨምሩ። እባካችሁ ጨምሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኔም ኤረር ይላል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን ኤረር! ሦስተኛ ጊዜ አታስብሉኝ።

ጥያቄ፦ ይኸው፦ «ዜድሊብ ዶት ኤች አልተገኘም»። ኡቡንቱ ነው።

መልስ፦ የዜድሊብን ዴቭ ፓኬጅ (ሄደሩን የያዘውን) ጫን። አየህ? አንድ መስመር በቃ።

ጥያቄ፦ አልፓይን ላይ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ሲከፍት ፕሮግራሙ ይሞታል።

መልስ፦ ስታኩ (የትሬዱ የሥራ ሜሞሪ) ሞልቶ ይሆናል። የመስል (የአልፓይን ሲ ላይብረሪ) የትሬድ ስታክ ካልወሰንከው 128 ኪሎባይት ነው፤ በጂሊብሲ (እንደ ኡቡንቱ ባሉት ላይ ያለው) በተለምዶ 8 ሜጋባይት። መጠኑን ኮዱ ውስጥ ራስህ ወስን።

ጥያቄ፦ የሰዓት ቴስት በ3 ሰዓት ተሳስቶ ይወድቃል።

መልስ፦ አዲስ አበባ ነህ ማለት ነው፤ ከዩቲሲ (ከዓለም መነሻ ሰዓት) 3 ሰዓት ትቀድማለህ። ቲዜድን (የሰዓት ቀጠና መወሰኛውን) ዩቲሲ አድርገህ አሂደው። ካለፈ ቴስቱ የተጻፈው ለዩቲሲ ብቻ ነው፤ ለፕሮጀክቱ ባለቤቶች ንገራቸው።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ላይስ?

መልስ፦ አልሠራበትም። የሚያውቅ ይመልስ።

ጥያቄ፦ ኤአርኤም ላይ የፍሎት (የአስርዮሽ ቁጥር) ቴስት በመጨረሻዋ ዲጂት ይለያል። ቴስቱን ልሰርዘው?

መልስ፦ አትሰርዝ! ባለ 64 ቢቱ ኤአርኤም ላይ ጂሲሲ ማባዛትና መደመርን በአንድ ትእዛዝ ሊያዋህድ ይችላል፤ ያኔ ማጠጋጋቱ አንዴ ብቻ ይሆናል። ውህደቱን አጥፍተህ ሞክር። ልዩነቱ ከጠፋ ቴስቱ ትንሽ ልዩነት እንዲቀበል አስተካክልና ማስተካከያውን ለባለቤቶቹ ላክ።