ካርዱ የሞላ ልጅ ለምን እንደገና ጠብታ ይወስዳል?

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ልጄ የፖሊዮ ክትባቱን በጤና ጣቢያ ጨርሷል። በዘመቻ ቤት ለቤት የሚዞሩት ግን ካርዱን ሳያዩ እንደገና ጠብታ ይሰጡታል። አይበዛበትም?
እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ አይበዛበትም። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ጠብታ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2016 ወዲህ የሚከላከለው የፖሊዮ አይነት 1ን እና 3ን ብቻ ነው። የተፈጥሮው አይነት 2 መጥፋቱ በ2015 ስለተረጋገጠ ከጠብታው ወጣ። ችግሩ የመጣው ከሌላ በኩል ነው፤ በድሮው ጠብታ ውስጥ የነበረው የተዳከመ አይነት 2 ቫይረስ፣ ብዙ ሕፃናት ባልተከተቡበት አካባቢ ከልጅ ልጅ ሲተላለፍ ቆይቶ የማልመሽ ኃይሉን መልሶ ያገኛል። ይህን ከወላጅ መሸሸግ ሐሜትን ከመጥራት ሌላ ፋይዳ የለውም።

በ14 ሳምንት የተሰጠው መርፌ አይነት 2ን ይጨምራል፤ ልጅዎን ከልምሻ ይጠብቀዋል። አንጀቱን ግን እምብዛም ስለማይሸፍን ቫይረሱ ከገባ በሰገራው ወጥቶ ወደ ሌላ ልጅ ይሄዳል። በአይነት 2 ወረርሽኝ ጊዜ በዘመቻ የሚሰጠው ጠብታ የሚዘጋው ይህን በር ነው፤ ካርድ የማይጠየቀውም ለዚህ ነው። መጠኑ 2 ጠብታ ነው፤ ልጁ ከተፋው ይደገምለታል። ቀለም የሚቀባው የግራ እጅ ትንሿ ጣት ላይ፣ ጥፍሩንና ቆዳውን አንድ ላይ ነው። ጠብታ ሳይሰጥ ጣት ብቻ የተቀባ ልጅ ካዩ ዝም አይበሉ፤ ቆይተው የሚያጣሩት ሰዎች የሚቆጥሩት ጣት ስለሆነ ያ ልጅ እንደተከተበ ይያዛል።

ጥያቄ፦ የጎረቤቴ ልጅ እግሩ ድንገት ዛለ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሰገራ ጠየቀች፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ለእግር ሰገራ ምን ያደርጋል?
አባት፣ ከወልድያ

መልስ፦ ፖሊዮ እግር ላይ ይታይ እንጂ የሚራባው አንጀት ውስጥ ነው። ከ200 ያህል ከተያዙ ልጆች የሚለመሸው 1 ብቻ ስለሆነ፣ አንድ የዛለ እግር ሲታይ ቫይረሱ ሰፈሩን አዳርሶ ሊሆን ይችላል። በዚህም የተነሳ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ፣ እጁ ወይም እግሩ በድንገት የዛለ ልጅ ሁሉ፣ ሐኪም ሌላ በሽታ ነው ቢልም እንኳ፣ ይመዘገባል። በሌላ በሽታ የሚመጣ እንዲህ ያለ መዛል ሁልጊዜም ስላለ፣ ፍለጋው በደንብ ከተሠራ በየዓመቱ በዚህ ዕድሜ ካሉ 100,000 ልጆች ቢያንስ በ1 ላይ መገኘት አለበት። አንድም ሪፖርት የማይልክ ዞን የሚያሳስበው ስለዚህ ነው፤ በሽታው ሳይሆን ፈላጊው ነው የጠፋው።

ሁለት ናሙና የሚወሰደው ቫይረሱ በየቀኑ እኩል ስለማይወጣ ነው። በሁለቱ መካከል ቢያንስ 24 ሰዓት ይኖራል፤ እያንዳንዱ 8 ግራም ያህል ይሆናል። ሁለቱም እግሩ በዛለ በ14 ቀን ውስጥ መወሰድ አለባቸው፤ ከዚያ በኋላ ቫይረሱ እየቀነሰ ይሄዳል። ቤተሰቡ መጀመሪያ ወጌሻ ቤት ከርሞ ሲመጣ የሚባክነው እነዚህ ቀናት ናቸው። ናሙናው በበረዶ ጥቅል ሳጥን፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ተይዞ በ3 ቀን ውስጥ ላቦራቶሪ ይደርሳል። መንገድ ላይ ከሞቀ ቫይረሱ ሊሞት ስለሚችል «የለም» የሚለው ውጤት አይታመንም።

ናሙናው ዘግይቶ ወይም ተበላሽቶ ከሆነ ልጁ እግሩ ከዛለ ከ60 ቀን በኋላ እንደገና ይመረመራል። ቤተሰቡ እስከዚያ ሰፈር ከለወጠ አዲሱን ቀበሌና ስልክ ለባለሙያዋ ይንገር።