የጣት ኪንታሮት፦ ነጭ ሽንኩርት ወይስ አቼቶ?

እህቴ፣ ልጅሽ ጣት ላይ ለወጣው ኪንታሮት ነጭ ሽንኩርት ይሻላል ወይስ አቼቶ ብለሽ ነው የጠየቅሽው። የግድ ከማድቤት ይሁን ካልሽ እኔ ነጭ ሽንኩርቱን እመርጣለሁ። አቼቶ ጤነኛውን ቆዳ ጭምር ይልጣል፤ ለልጅ አልመክረውም። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ቆዳውን አቃጥሎ ያጠቁራል። የሙዝ ልጣጭ? አይጎዳም፣ ብዙም አይጠቅምም።

ማታ ጣቱን ለብ ባለ ውሃ ለ10 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፊው። ኪንታሮቱ ነጣ ብሎ ሲለሰልስ የላይኛውን ደረቅ ቆዳ በጥፍር ሞረድ ቀስ እያልሽ ፋቂው፤ እንዳይደማ ብቻ። በሞረዱ ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት፤ ኪንታሮት የሚመጣው ኤችፒቪ ከሚባል ቫይረስ ስለሆነ ይጋባል። ከዚያ ዙሪያውን ቫዝሊን ቀቢና ከተወቀጠው ነጭ ሽንኩርት ትንሽ ኪንታሮቱ ላይ ብቻ አድርጊ። አስረሽ እንዳታሳድሪው! ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ከቆየ ውሃ እስኪቋጥር ያቃጥላል። ልጁ አቃጠለኝ ካለ ወዲያው እጠቢው።

እውነቱን ልንገርሽና፣ በደንብ የተፈተነው ከፋርማሲ የሚገዛው ሳሊሲሊክ አሲድ ነው። እሱም ቢሆን እስከ 3 ወር ትዕግሥት ይፈልጋል። ደግሞ የልጆች ኪንታሮት ብዙውን ጊዜ በ2 ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። የሰፈሩ መድኃኒት ሁሉ «ፍቱን ነው» የሚባለው ለዚህም ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ግን ፊት ወይም ብልት ላይ እንዳትሞክሩት። የስኳር ሕመምተኞችም እግራቸው ላይ አይንኩት። የሚደማ ወይም መልኩን የቀየረ ከሆነ በቀጥታ ቆዳ ሐኪም ጋ ውሰጂው።